ከበረራው 3 ሳምንት በፊት ነግሬያችሁ ነበር

ጅማ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአየር መንገዱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ነፍሰ ጡር ሆኜ ከፍዬ የያዝኩት ወንበር ያለፈቃዴ ስለተቀየረብኝ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ። ጥር 2 ቀን ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ በእናንተ አውሮፕላን፣ መሀል ላይ ትራንዚት አድርጌ ቶሮንቶ ሄጃለሁ። የዚያን ቀን የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ለሽርሽር አልነበረም የሄድኩት። እህቴ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላት፣ አጠገቧ የሚሆን ሰው አልነበራትም። መቅረት አልቻልኩም።

ስለዚህ ተጠንቅቄ ነው የተነሳሁት። ክትትል የማደርግበት ክሊኒክ ያለችው አዋላጅ ነርስ ቁጭ አድርጋ መከረችኝ። በእርግዝና ጊዜ ደም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቶሎ ይረጋል። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «በየሰዓቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ተነሽና ተራመጂ። ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ። ውኃ ጠጪ። መተላለፊያ ዳር ካልሆነ እንዳትቀመጪ» አለችኝ። ባትን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲም አስገዛችኝ።

የነገረችኝን ሁሉ አደረግኩ። ትኬቱን ስቆርጥ ነፍሰ ጡር መሆኔን አስመዘገብኩ። ለመተላለፊያ ዳር ወንበር ለብቻው 6,200 ብር ከፈልኩ። ከበረራው 3 ሳምንት ቀደም ብዬ ደግሞ በኢሜይል ጻፍኩላችሁ። «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» የሚል መልስ ላካችሁልኝ። ደረሰኙንም ኢሜይሉንም አያይዣለሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከመኪና ወርጄ በቀጥታ አውሮፕላን እንዳልገባ ብዬ 2 ቀን ቀድሜ ነው የወጣሁት።

እስከ ትራንዚቱ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው የ13 ሰዓት በረራ ነው። በሩ ላይ ቦርዲንግ ፓሴን ተቀብለው ሌላ ሰጡኝ። «ወንበርዎ ተቀይሯል» ብቻ ተባልኩ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ውስጥ ያነጋግሩ» አሉኝ። ውስጥ ስገባ መሀል ወንበር ላይ ነኝ። ሆስተሷ «አሁን አውሮፕላኑ ሙሉ ነው፣ በኋላ አያለሁ» አለችኝ። ተመልሳ አልመጣችም።

ያንን ሌሊት ልንገራችሁ። በግራዬም በቀኜም የተቀመጡት ሰዎች እራት እንደበሉ ተኙ። አልፈርድባቸውም፣ ሌሊት ነው። መተላለፊያው ዳር ያለው ሰውዬ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ስቦ፣ ከፊቱ ያለውን ጠረጴዛ እንደዘረጋው ነው እንቅልፍ የወሰደው። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ጁስ ያለበት ብርጭቆ ነበር። እሱን ሳልቀሰቅስ፣ ብርጭቆውንም ሳልደፋ መውጣት አልችልም። የ6 ወር ሆድ ይዞ ሰው ላይ መረማመድ ደግሞ አይሞከርም። ሁለት ጊዜ ቀሰቀስኩት። በሦስተኛው አፈርኩ። ሽንቴን ይዤ፣ ዓይኔን ብርጭቆው ላይ ተክዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ለነፍሰ ጡር ሽንት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የወለደች ታውቃለች።

ቤቴ ማታ ማታ እግሬን የማሳርፍባት አንዲት የጅማ በርጩማ አለችኝ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበች፣ ባለ ሦስት እግር። ያን ሌሊት እሷ በዓይኔ ላይ ዞረች። የእጅ ቦርሳዬን ከእግሬ ስር አድርጌ ለመተካት ሞከርኩ። ወዲያው ተጣጠፈ።

የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው። ከፍታው አይደለም ያስቸገረኝ። ውስጡ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ ሰው ቢያደርገን ነው፤ ያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ጉሮሮን የሚያደርቀው እርጥበት ማጣቱ ነው። ስለዚህ ውኃ ጠየቅኩ። የጥሪ መብራቱን አብርቼ በሰዓቴ 35 ደቂቃ ጠበቅኩ። የመጣልኝ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሌላ ጨምሩልኝ ስል «በየተራው ነው» ተባልኩ። ቀበቶዬን ያየችው ሆስተስ ደግሞ ሆዴ ላይ ከፍ አድርጌ እንዳጠብቀው ነገረችኝ። ቀበቶ ለነፍሰ ጡር ከሆድ በታች፣ ዳሌ ላይ ነው የሚታሰረው። ይህንን እኔ ለእሷ ማስረዳት አልነበረብኝም።

በመጨረሻ ተነስቼ ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ቆሜ እግሬን ማፍታታት ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ «መንገድ አይዝጉ፣ ይቀመጡ» ተባልኩ። የቀበቶ ምልክቱ አልበራም ነበር። መናወጥም አልነበረም።

9 ሰዓት ያህል ከበረርን በኋላ፣ ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ አንዲት እናት እግሬን አዩት። «ልጄ፣ እግርሽ እኮ አብጧል። ነይ እኔ ቦታ ተቀመጪ» አሉኝ። ስድሳዎቹን ያለፉ ናቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። እምቢ አልኩ። «አምስት ወልጃለሁ፣ ነይ አልኩሽ እኮ!» ብለው ተነሱ። የቀረውን መንገድ እሳቸው በእኔ መሀል ወንበር ተጣበው፣ እኔ በእሳቸው ቦታ ሄድን። ቶሮንቶ እህቴ ቤት ካልሲዬን ሳወልቅ ባቴን በጣቴ ተጫንኩት። የተሰረጎደው ቦታ ቶሎ አልሞላም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተመስገን፣ የረጋ ደም የለም ተባልኩ። እስኪነግሩኝ ድረስ የነበረውን ፍርሃት ግን ለማንም አልመኝም።

ጥር 30 ስመለስ 30 ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ደብዳቤ እንደምትጠይቁ ስለማውቅ ይዤ ቀረብኩ። ቼክ ኢን ላይ የነበረው ወጣት ደብዳቤውን አነበበ፣ ሆዴን አየ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ነካካና መተላለፊያ ዳር፣ ሽንት ቤቱ አካባቢ አስቀመጠኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሆስተሶቹም ያውቁ ነበር፤ አንደኛዋ ሳልጠይቃት ሙሉ ጠርሙስ ውኃ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። በጣም ያናደደኝም ይኸው ነው። ይቻል ነበር ማለት ነው። እናንተ ወረቀት ስትጠይቁን እናቀርባለን፤ ሳናቀርብ አትጭኑንም። እኛ የጻፍንላችሁ ግን ከኢሜይል ሳጥን አልፎ አውሮፕላኑ ውስጥ ላለችው ሆስተስ አይደርስም።

የምጠይቃችሁ ለወንበሩ የከፈልኩት 6,200 ብር እንዲመለስልኝ፣ ወንበሬ ለማን እና ለምን እንደተሰጠ በጽሑፍ እንድትነግሩኝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ነፍሰ ጡር ነኝ ብላ ያስመዘገበች ሴት ወንበሯ መሳፈሪያው በር ላይ እንዳይቀየርባት አድርጉ። ሆስተሶቻችሁም ስለ ቀበቶው፣ ስለ ውኃውና ተነስቶ ስለ መራመድ ይሠልጥኑ። የረዱኝን እናት ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተለያየን። ወንበራቸው 45ጂ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አግኝታችሁ አመስግኑልኝ።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። መውለጃዬ ሚያዝያ ላይ ስለሆነ ስልክ ላላነሳ እችላለሁ። በኢሜይል አድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከጅማ