ቅዳሜ ጥቅምት 15፦ ሁለት ጫፍ በአንድ ቀን

ሰላም ጓዶች፣ የሰሜን ተራሮች ጉዞ ቀን ተቆርጧል። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 እሜት ጎጎን (3,926 ሜትር) እና እናትዬን (4,070 ሜትር) በአንድ ቀን ወጥተን ጨነቅ ካምፕ እናድራለን። ዓርብ ማታ ግጭ ካምፕ ነን፤ የምንነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

አምና ከጓደኛዬ ጋር 9 ሰዓት ያህል ፈጅቶብናል። እሜት ጎጎ ቀላል ነው። የሚያደክመው ከዚያ ወርዶ እንደገና እናትዬን መውጣቱ ነው። ጓደኛዬን እዚያ ራስ ምታት ያዘው። ቁጭ ብለን በሶ በጠበጥን፣ ግማሽ ሰዓት አረፍን። ባይሻለው ኖሮ እንወርድ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሄደው። ጓደኛው ያመመው አብሮት ይወርዳል፣ ክርክር የለም።

ያዙ፦ 3 ሊትር ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት (ሌሊቱ አይቻልም)። አዲስ ጫማ እዚያ አታሟሹ፣ በፈጠራችሁ!

አስጎብኚና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ከደባርቅ እንይዛለን፤ ወጪውን እንካፈላለን።

የምትመጡ እስከ መስከረም 30 ስማችሁንና የጥንዳችሁን ስም እዚሁ ጻፉ። ጥንድ የሌለው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።