ለስፌት ቡድናችን አባላት፦ ስለ ብርድ ልብሱ ሥራ

የተከበራችሁ አባላት፣

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጨርቅ ቁራጮች የምንሠራውን የብርድ ልብስ ፊት (የላይኛውን ገጽ) መገጣጠም ስለምንጀምር፣ የጥጥ ጨርቃችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት አጥባችሁና ተኩሳችሁ እንድታዘጋጁ በትሕትና እንጠይቃለን፤ በተለይ ቀይ ጨርቅ ቀለሙን በነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ከስፌቱ ውጭ የሚቀረው ጠርዝ ለሁላችንም እኩል 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨምር፣ 10 ቁራጮች የተገጣጠሙበት ረድፍ በዘጠኙ መጋጠሚያዎች ምክንያት 18 ሚሊ ሜትር ያጥርና ከሌላው ረድፍ ጋር አይገናኝም።

አንዳንዶቻችሁ ሥራው «ድሪቶ» እንዳይመስል መስጋታችሁን ሰምተናል። ቃሉ በእኛ ዘንድ ከችግር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ስጋቱ ይገባናል፤ ሆኖም በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በተባለው ስፍራ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ጭምር የሠሯቸው ብርድ ልብሶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ቴምብር ላይ ታትመዋል። ውበታቸው፣ በእኔ ዓይን፣ መስመሮቻቸው ትንሽ ዘመም ከማለታቸውና ደማቁ ቀለም ባልታሰበበት ቦታ ብቅ ከማለቱ የመጣ ነው። ስለዚህ የቀለም ምርጫውን ለየራሳችሁ ትተናል።

ፊቱ፣ የመሃሉ ጥጥና ገበሩ አንድ ላይ የሚሰፉት በኋላ ስለሆነ፣ ገበር ለመግዛት አትቸኩሉ።