ቅሬታ፦ ለኮክሲ ተከትቧል ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ ጫጩትና ስለላካችሁልኝ የሙከራ ወረቀት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ ላይ ቄብ አሳድጌ የምሸጥ ደንበኛችሁ ነኝ፣ ከናንተ ጫጩት ስወስድ ይሄ አራተኛ ዙሬ ነው። የዛሬ ሁለት ወር 500 የአንድ ቀን ጫጩት ወሰድኩ፣ ለኮክሲ (የዶሮን አንጀት የሚያደማው ጥገኛ ተውሳክ) ክትባት ብላችሁም ጭማሪ አስከፍላችሁኛል፣ ደረሰኙ ላይ አለ። በ38ኛው ቀን ኩሳቸው ደም ሆነ። ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ላይ ተከማችተው መኖ አልነካ አሉ፣ በስድስት ቀን ውስጥ 83 ሞተብኝ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የሞቱትን በማዳበሪያ እየለቀመች ነው የሰነበተችው።

ሐኪም አምጥቼ ሦስቱን ከፈትናቸው፣ ዕውር አንጀታቸው አብጦ ደም ሞልቶታል። ቴኔላ የሚባለው የኮክሲ ዓይነት ነው አለኝ።

እናንተ ጋ ስደውል መጀመሪያ የክትባቱ ሪአክሽን ነው አላችሁኝ። ክትባቱ ራሱ ሕይወት ያለው ኮክሲ እንደሆነ፣ ጫጩቱ በኩሱ ያወጣውን ከሰጋቱራው ላይ መልሶ እየለቀመ ሁለት ሦስት ዙር ሲያገኘው ነው የሚጠነክረው፣ በዚህ መሀል ትንሽ መላላት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ይሄ በሁለተኛና በሦስተኛው ሳምንት የሚያልፍ ነገር ነው እንጂ በ38 ቀኑ ደም አያስቀምጥም። ከዛ ሰጋቱራዎት ረጥቦ ነው አላችሁ፣ ሐኪሙ በእጁ ጨብጦ አይቶታል፣ አልረጠበም።

በመጨረሻ "ክትባታችን ተፈትኖ ያለፈ ነው" ብላችሁ በቴሌግራም አንድ ገጽ ላካችሁ። 20 የተከተቡ ጫጩቶች ኮክሲ ተሰጥቷቸው አንድም አልሞተም ይላል፣ በቃ። ያልተከተበ ግሩፕ የለም! የሰጣችሁት ኮክሲ ደካማ ቢሆንስ? ያልተከተበውም ላይሞት ይችል ነበር እኮ፣ ታዲያ ያዳናቸው ክትባቱ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ደግሞ የትኛው ዓይነት እንደተሰጣቸው አልተጻፈም። በደንብ የታወቀው የዶሮ ኮክሲ ሰባት ዓይነት ነው፣ አንዱን የለመደ ሌላውን አይችልም፣ አሰርቩሊና በሚባለው ሌላ ዓይነት ፈትናችሁ ከሆነ ለኔ ቴኔላ ምንም አይነግረኝም። አንጀትም አልተከፈተም ክብደትም አልተመዘነም፣ ሳይሞት ከስቶ የሚቀር ዶሮ እኮ ለኔ ኪሳራ ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን መኖው ነው። ስታርተሩንም ከናንተው ነው የገዛሁት፣ ለተከተበው የሚሆነው ይሄ ነው ብሎ የሸጠልኝ የናንተ ሠራተኛ ነው፣ ከረጢቱ ላይ አምፕሮሊየም የሚባል የኮክሲ መድኃኒት እንዳለበት ያየሁት ሐኪሙ ካሳየኝ በኋላ ነው። መድኃኒቱ የክትባቱንም ኮክሲ እንዳይራባ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ጫጩቶቹ ሳይለማመዱ ነው ያደጉት ማለት ነው። በአራተኛው ሳምንት አልቆ መድኃኒት የሌለው መኖ ቀየርኩ፣ ከ10 ቀን በኋላ ደሙ መጣ። ይሄንን ስነግራችሁ እስካሁን መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

የምጠይቀው የ83ቱን ዋጋና የክትባቱን ጭማሪ እንድትመልሱልኝ፣ የክትባቱን ባች ቁጥር፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጡንና በየትኛው ቀን እንደተረጨ የሚያሳየውን መዝገብ እንድታሳዩኝ ነው። ሙከራውንም በደንብ ድገሙት፣ ከአንድ ፍልፈላ የተከተበና ያልተከተበ ለይታችሁ መድኃኒት የሌለው መኖ እየበሉ ሰጋቱራ ላይ ይደጉ፣ በአራተኛው ሳምንት ለሁለቱም እኩል መጠን ቴኔላ ስጡ፣ ጥቂቶቹ ምንም ሳይሰጣቸው ለክብደት ማወዳደሪያ ይቆዩ፣ በስድስተኛው ቀን መዝናችሁ አንጀታቸውን ክፈቱና ጆንሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የአንጀት ጉዳት መለኪያ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስጡት።

የምትከፍቱበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ከሐኪሙ ጋር መጥተን ቆመን እናያለን። ለቀጣዩ 500 የከፈልኩት ቀብድ እስከዛ ይቆይ፣ ሙከራውን አንሠራም ካላችሁ ግን ቀብዱን በዚህ ሳምንት መልሱልኝ።