የአሳማው ነገር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ «ያኦ፦ የቻይና ተረቶች» የላካችሁትን አስተያየት አንብቤ ጨረስኩ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አኒሜሽን ስምንት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱም ለብቻው የቆመ ታሪክ ነው። ስለዚህ በጅምላ «አሪፍ ነው» ወይም «አይረባም» ማለት ይከብዳል።

ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁት የመጀመሪያውን ነው። እኔም! ትንሹ አሳማ ጭራቅ አለቆቹ አዘውት ትልቁን ጎላ በገዛ ፀጉሩ ሲፈትግ በሳቅ ሞትኩ። እናቱ የውሃ ቅል ሰጥታ «ውሃ ጠጣ» ስትለው ግን ሳቄ ቀጥ አለ። ቻይና ውስጥም የቢሮ ሠራተኞች «ይሄማ እኔ ነኝ» ያሉት ወደው አይደለም።

ሁለተኛው ግን ከፋፍሎናል። ዝይ ተሸክሞ የሚሄደው ሰውዬ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ድባቡም ያስፈራል። ቻይና ውስጥም ልጆቻችንን አስፈራብን ያሉ ወላጆች ነበሩ። ልጅ ይዛችሁ የምታዩ እሱን ዝለሉት።

የቀሩትን ስድስቱን ቅዳሜ እናያለን። ቡና በእኔ።