ለደንበኞቻችን፦ ስለ ሌንስ ክዳን

ባህር ዳር፣ ታኅሣሥ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ጥምቀትና የጥር ሰርግ እየደረሰ ነው፤ ብዙዎቻችሁም የጎደለውን ዕቃ ለማሟላት ወደ ሱቃችን ብቅ ማለት ጀምራችኋል። ሥራው ከመበርታቱ በፊት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ልንጽፍላችሁ ወደድን፤ ስለ ካሜራ ሌንስ ክዳን፣ ብዙዎቻችሁ ካፕ ስለምትሉት።

መጀመሪያ ከእኛ በኩል ያለውን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ዓመት ከአንድ አቅራቢ ያመጣነው ክዳን ሞላው ቶሎ የሚደክም ሆኖ አገኘነው። አዲስ ሳለ ጠቅ ብሎ ይያዛል፤ ጥቂት ወራት ሲሠራበት ግን ቦርሳ ውስጥ ራሱን ፈትቶ ይገኛል። ሸጠን ገንዘብ ተቀብለንበታልና ይቅርታ እንጠይቃለን። ፊቱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ ከውስጥ በኩል መጠኑ ብቻ በነጭ ታትሞበታል። እጃችሁ ላይ ካለ አምጡት፣ ያለ ክፍያ በሌላ እንለውጥላችኋለን። ደረሰኝ አንጠይቅም።

አሁን ደግሞ ክዳን ስትገዙ፣ ከእኛም ይሁን ከሌላ ሱቅ፣ ልታውቁት ይገባል የምንለውን እንንገራችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው መጠኑ ነው። «ሃምሳ ሌንስ ስላለኝ የሃምሳ ክዳን ስጡኝ» የሚል ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣል። ሃምሳው የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው፤ የአፉ ስፋት አይደለም። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ኤስቲኤም የ49 ሚሊ ሜትር ክዳን ይፈልጋል። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ብዙዎቻችሁ ሥራ የጀመራችሁበት ሁለተኛው ስሪት፣ 52 ነው። የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ጂ ደግሞ 58። ሦስቱም ሃምሳ ናቸው፣ የአንዱ ክዳን ግን ለሌላው አይሆንም። የካኖን 24–70 ባለ 2.8ም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ስሪት 77 ሲሆን ሁለተኛው 82 ነው። ስሙን ብቻ ሰምተን ብንሰጣችሁ አንሳሳትም ማለት አንችልም።

ስለዚህ ቁጥሩን ከሌንሱ ላይ አንብቡ። ፊቱ ዙሪያ ላይ፣ ወይም ከዋናው ክዳን ውስጠኛ በኩል፣ ሰያፍ ሰረዝ የሚያቋርጠው ትንሽ ክብ ምልክት አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የክዳናችሁ መጠን ነው። በተለይ ከዘጌ፣ ከጎርጎራና ከደብረ ታቦር ስልክ እየደወላችሁ ዕቃ የምታስልኩ ደንበኞቻችን፣ እባካችሁ ይህን ቁጥር ንገሩን። ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነ የሌንሱን ፊት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ ሞዴሉን አይተን እናውቀዋለን።

ዩቪ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰረውን መከላከያ መስታወት፣ የምታስሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ክዳኑ የሚያዘው በፊልተሩ የፊት ጥርስ (በጠመዝማዛው ክር) ላይ ነው። አንዳንድ በጣም ቀጫጭን ፊልተሮች የፊት ጥርስ የላቸውም፣ ስለዚህ ምንም ዓይነት ክዳን ብትገዙ ይወድቃል። ከ67 ወደ 77 የሚያሳድግ ቀለበት ያሰረ ሰውም የሚያስፈልገው የ77 ክዳን ነው።

ከዓይነቶቹ እኛ የምንመክረው መሀሉ ላይ ተቆንጥጦ የሚከፈተውን ነው። ከጎን የሚቆነጠጠውም ይሠራል፤ ሁድ (የሌንሱ ፊት የብርሃን መከለያ) ሲታሰር ግን ጣት አይገባለትም። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ሁድ የምትፈቱበት ጊዜ የላችሁም። በጥርሱ የሚጠመዘዝ የብረት ክዳን መልኩ ያምራል፣ ቦርሳ ውስጥም አይፈታም። ነገር ግን ሰው እየተቻኮለ አጣሞ ሲያስገባው የሌንሱን ጥርስ ይበላል፤ ተጣብቆ የቀረ ክዳን በመሣሪያ የፈታንበት ጊዜ አለ። ለቤት ማስቀመጫ ይሁን እንጂ ለሰርግ ሥራ አንመክረውም። የቆዳ ክዳን እርጥበት ይይዛል፣ ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች አይስማማም። እንደ ኒኮን 14–24 ባለ 2.8 ጂ ዓይነት ፊታቸው ያበጠ ሌንሶች ጥርስ ስለሌላቸው ከላይ የሚጠለቅ የራሳቸው ክዳን አላቸው። ከጠፋ ያንኑ አስመጡ እንጂ በሌላ አታብቃቁ። ጣና ዳር ይብራና ዓሣ በል ንስር ለምታነሱ ባለ ረጃጅም ቴሌዎች (ከሩቅ የሚያቀርቡ ሌንሶች) ደግሞ ከላይ የሚለበሰው ወፍራም የጨርቅ ሽፋን ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትሹት። የሚቆነጠጡትን ሁለቱን ጆሮዎች ጫን ብላችሁ ልቀቁ፣ እኩል ፈጥነው መመለስ አለባቸው። ከሌንሱ ላይ አድርጉትና ዙሪያውን በጣት ዳስሱ፤ በአንድ ወገን ከፍ ካለ አልተያዘም። ከዚያ መሀሉን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ወደ ውስጥ የሚጎብጥ ስስ ክዳን ቦርሳ ውስጥ ሲጫን መስታወቱን ሊነካ ይችላል፤ አትግዙት።

ይህን ሁሉ የምንለው ለጥገና ከሚመጡልን ሌንሶች ያየነው ስላለ ነው። ፊታቸው የተጫረው ብዙዎቹ ወድቀው አይደለም። ያለ ክዳን ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከባትሪ ጋር ከርመው፣ የያዙት አቧራ በሸሚዝ ጫፍ ሲጠረግ ነው የተጫሩት። በበጋ ከአስፋልት ወጣ ስትሉ የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋ ቅንጣት ከመስታወቱ ራሱ ይጠነክራል፣ በላዩ የተቀባው ኮቲንግ (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ስስ ሽፋን) ደግሞ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። አንድ ጭረት በተራ ፎቶ ላይ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን ሙሽሮቹን ሐይቁ ዳር አቁማችሁ በምትጠልቀው ፀሐይ ፊት ለፊት ስታነሱ ብርሃኑ ጭረቶቹ ላይ ይበተናል፣ ምስሉም ይፈዛል። ያን ሰዓት ደግሞ መልሳችሁ አታገኙትም። እንግዲህ መጀመሪያ በብሎወር (በእጅ ተጨምቆ አየር በሚነፋ ዕቃ) አራግፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። ክዳኑ መሬት ላይ ከወደቀም ውስጡን ሳታራግፉ አትመልሱት፤ አሸዋ የያዘ ክዳን መክደን አሸዋውን ከመስታወቱ ጋር አብሮ መቆለፍ ነው።

ክዳን እንዳይጠፋ በገመድ የምታንጠለጥሉ አላችሁ። ለፎቶ ይሁን፤ ለቪዲዮ ግን የሐይቁ ነፋስ እያወዛወዘ ሌንሱን ያንኳኳዋል፣ ድምፁም ይቀዳል። በማጣበቂያ የሚያዘው ገመድ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲቀር ሙጫው ይላላል። እኛ ሁልጊዜ አንድ ኪስ፣ ለምሳሌ የግራውን፣ ለክዳን ብቻ ተዉት እንላለን። አንድ ትርፍ ክዳንም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። እርጥብ ሌንስ አትክደኑ። ጢስ ዓባይ ወርዳችሁ ፍንጣቂው ከነካው፣ ወደ ገዳማቱ በጀልባ ስትሻገሩ ውኃ ከረጨው፣ ወይም ጥምቀት ላይ ጠበሉ ሲረጭ ካገኘው፣ መጀመሪያ አድርቁት። ክዳኑ ያንን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል። ክረምት ላይ ባህር ዳር ውስጥ የአየሩ እርጥበት ለፈንገስ ከበቂ በላይ ነው፤ 60 በመቶ ካለፈ ፈንገስ ምቹ ቦታ ያገኛል። ሥር እየሰደደ ሲቆይ ኮቲንጉን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ብንጠርገውም አሻራው አይለቅም። የራሳችን አንድ የቆየ ሌንስ እንዲህ ተበላሽቶብናል። ክዳኑን ግጥም አድርገን፣ በቆዳ ቦርሳው፣ ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተውነው። አሁን ለሰው የምናሳየው እሱን ነው። ክዳን የሚያድነው ከጭረት እንጂ ከእርጥበት አይደለም፤ ለእርጥበት የሚሆነው ጥብቅ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሣጥንና እርጥበት የሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ነው።

ስለ ኋላ ክዳን ባጭሩ። የሚመረጠው በቁጥር ሳይሆን በማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ በሚገጥምበት ዓይነት፣ ነው፤ የካኖን ኢኤፍ ለአርኤፍ፣ የኒኮን ኤፍ ለዜድ አይሆንም። ሌንስ ስትቀይሩ የወለቀውን ሌንስ ወዲያው በኋላ ክዳኑ ዝጉት፣ ምክንያቱም እዚያ የገባ አቧራ ቀጥሎ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) የያዛችሁ ደግሞ ካሜራውን ያለ ፊት ክዳን ፀሐይ አቅጣጫ አዙራችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ሌንሱ ፀሐይዋን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ መዝጊያውን ወይም ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል።

«ዩቪ ፊልተር ካለ ክዳን ምን ያደርጋል?» ለሚሉን፦ ፊልተሩ በሥራ ላይ ሳላችሁ ይጠብቃል፣ ቦርሳ ውስጥ ግን ራሱም የሚጫር መስታወት ነው። ርካሽ ፊልተር ደግሞ የሻማና የመብራት ነጸብራቅ ያመጣል፤ ማታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታነሱ ብትፈቱት ይሻላል።

ለመለወጥም ሆነ ለመግዛት ስትመጡ ሌንሱን ይዛችሁ ኑ። እዚሁ ገጥመን፣ አራግፈን፣ ፊቱን በመብራት አይተን እንሰጣችኋለን፤ ለማየቱ አናስከፍልም። በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ሱቁ ዝግ ነው። ስለዚህ ለበዓሉ የምትፈልጉትን እስከ ጥር 9 ድረስ ውሰዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና የጥገና ክፍል ሠራተኞች