ዕቁቡን ለትኬት አታውዪው

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የአባዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ታናሼ ይህን ሲያነብልሽ ቀስ እያለ፣ አንድም ቃል ሳይዘል ያንብብልሽ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ሳለቅስ ሰምተሽ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰደሽ ነግሮኛል። ዕቁብሽ ሲደርስሽ የመመለሻ ትኬት ልትገዢልኝ እንደቆረጥሽም ነግሮኛል። ይህን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። እማዬ፣ ያለቀስኩት ታምሜ አይደለም። በምሠራበት መጋዘን ሌሊቱን ሙሉ እሽግ ሲጎርፍ ያድራል፤ የኔ ሥራ የእሽጉን ቁጥር እያየሁ ወደየመኪናው መለየት ነው። እጄ ከዓይኔ እየቀደመ አንዱን ከሌላው ስቀላቅል ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሦስተኛው ከመጣ መሰናበት ነው። የደወልኩልሽ ሁለተኛውን በተቀበልኩ ማግስት ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ሲያየኝ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ዴሪክ ጂተር አጫወተኝ። ጂተር በዚህ አገር ስሙን የማያውቅ ሰው የሌለ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ሽማግሌው፣ ጂተር ገና ወጣት ሳለ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኩፐር ስታዲየም ሲጫወት አይቶታል።

ቤዝቦል እንደኛ የገና ጨዋታ ዱላና ኳስ አለው፤ ነገር ግን አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው መትቶ ይሮጣል። ሯጩ የሚረግጣቸው ማዕዘኖች ቤዝ ይባላሉ። ጂተር የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ነበር፤ ቦታው ሾርትስቶፕ ይባላል። መሬት ለመሬት እየነጠረ የሚመጣ ኳስ ይበዛበታል። ጎንበስ ብሎ በጓንት መቅለብ፣ ቀና ማለት፣ መቺው ሳይደርስ ወደ መጀመሪያው ቤዝ መወርወር፤ ይህ ሁሉ በ4 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት። ከሳተ በስሙ ስህተት ተብሎ ይመዘገብበታል።

ልጁ የካላማዙ፣ ሚሺጋን ልጅ ነው። በፈረንጅ 1992 ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ኒውዮርክ ያንኪስ የሚባለው ትልቅ ቡድን ከመላ አገሩ ወጣቶች በ6ኛ ደረጃ መረጠው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም በነጻ ሊያስተምረው ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ኳሱን መርጦ ወደ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ወረደ፤ ዋናው ቡድን ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወጣቶቹ ወደሚፈተኑበት ታችኛው ሊግ። እዚያ ከ10 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር ኳስ መምታት የሚሳካለት፤ ጎበዝ የሚባለው 3 ጊዜ ነው። ማታ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን እያለቀሰ ለወላጆቹ ይደውል ነበር። የስልኩ ሂሳብ በወር በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይመጣ ነበር አሉ። እማዬ፣ ይህን ስሰማ የኛው እሑድ ትዝ አለኝ፤ ፊቴን አዞርኩ።

በቀጣዩ ዓመት በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በ126 ጨዋታ 56 ስህተት ሠራ። ሃምሳ ስድስት! ሽማግሌው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ከዚያ ቦታ ይነሳ የሚሉ ነበሩ፤ ቡድኑ ግን አላነሳውም። በመኸር ወራት እጁ ተጎድቶ ዱላ መያዝ ስላልቻለ፣ ብራያን ባተርፊልድ የሚባል አሠልጣኝ ከወር በላይ አቀባበልና አወራወር ብቻ አሠራው። እግሩ የት እንደሚቆም፣ ጓንቱ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። በ1994 ስህተቱ ወደ 25 ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሦስት ደረጃ ወጥቶ ከዋናው ቡድን በታች ወዳለው የኮሎምበስ ቡድን ደረሰ፤ የታችኛው ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ።

በፈረንጅ ሜይ 29 ቀን 1995 በሲያትል ለያንኪስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ከ5 የመምታት ሙከራ አንዱም አልተሳካለትም። አባቱ በአውሮፕላን ሄዶ አየው፤ እናቱ የእህቱ ጨዋታ ስለነበረ ከሷ ጋር ቤት ቀረች። ከጨዋታው በኋላ ሌላው ቤት ሁሉ ተዘግቶ፣ አባትና ልጅ ማክዶናልድስ ገብተው በሉ። ብዙ ዝናና ገንዘብ የነበረው ሰው ታሪክ ውስጥ ልቤን የነካው ይህ እራት ነው። አንቺና አባዬ እዚህ ብትሆኑ እንዲሁ ነበር የምታደርጉት።

ከ2 ሳምንት በኋላ ወደ ኮሎምበስ መለሱት። ሽማግሌው ያየው ያን ጊዜ ነው፤ «ከላይ የወረደ ሰው አይመስልም ነበር፣ ከሁሉ ቀድሞ ይሮጥ ነበር» ይላል። በ1996 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ ቡድኑም ዋንጫ በላ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሽማግሌው ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ ያለማምደኛል። እሽጉን ከማንሳቴ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጄ የሚንቀሳቀሰው። አንድ ሳምንት ሞላኝ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሳትኩ፤ ትናንት አንድም አልሳትኩም።

ስለዚህ እማዬ፣ በኪዳነ ምሕረት ይሁንብሽ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ለትኬት አታውዪው። ክረምት ሊገባ ነው፤ የማድ ቤቱ ቆርቆሮ አምና እንዴት እንዳፈሰሰ አልረሳሁም። እሱን አስቀይሪበት። ከተረፈሽ ለአባዬ ጫማ ግዢለት። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ስልኩ አጠገብሽ ይሁን።

የምትናፍቂው ልጅሽ