ሬሜዲያል የገባ ሁሉ በሒሳብ የወደቀ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ስለ ሒሳብ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። አንዲት ሐረግ እንቅልፍ ነሳችኝ፦ «በሒሳብ ወድቀው ሬሜዲያል የገቡ ተማሪዎች» ትላላችሁ። ማን ነገራችሁ? ሬሜዲያል በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ያልሞላላቸው ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ከመጀመራቸው በፊት የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት ነው፤ የሚያስገባውም የትምህርቶቹ ድምር ውጤት እንጂ የሒሳብ ውጤት ብቻውን አይደለም። ይህን ለማወቅ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ተማሪ ጠርታችሁ ውጤቱን አሳየን ብትሉት ይበቃ ነበር።

የምኖረው እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። የገዛ ልጄም ሬሜዲያል ገብታለች፤ በሒሳብ ከመቶ 71 አምጥታ! እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ጎተቷትና ድምሯ ከግማሽ በታች ወረደ። እንግሊዝኛዋን ማጠናከር ሲገባት፣ የምታውቀውን ሒሳብ ከማንም እኩል እንደ አዲስ ተማረች። ደብተሯን ገልጬ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ አብረን የሠራናቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዘገባችሁ የወጣ ሰሞን ጎረቤታችን ቡና ላይ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሒሳብ ለሁሉም አይሆንም» አለቻት። ልጄ ስኒውን አስቀምጣ ወጣች። ይህን ያደረገችው የእናንተ አንዲት ሐረግ ናት።

በሌላ በኩል ድምሩ ስላለፈለት በቀጥታ ፍሬሽማን፣ ማለትም አንደኛ ዓመት፣ የገባ ተማሪዬ አለ። ሒሳቡ 34 ነበር። የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ኮርስ በጀመረ በወሩ ደወለልኝ፤ «ቲቸር፣ ሎጋሪዝም ላይ ጠፋሁ» አለኝ። ሎጋሪዝም የጠፋው ሰንፎ አይደለም፤ ያንን ምዕራፍ የሚማርበት ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ለእሱ የሚሆነው ትምህርት አለ፤ ግን ልጄ ያለፍላጎቷ የተቀመጠችበት ክፍል ውስጥ ነው። «ሒሳብ የማይችሉ» የምትሏቸው ታዲያ የትኞቹ ናቸው?

ሬሜዲያል ለምን እንደተጀመረ አልጠፋኝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በር ባይከፈት ኖሮ ስንቱ ልጅ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ ይዘጋ አልልም። የምለው፣ ሒሳብ ላይ የሚመደበው በሒሳቡ ይመዘን ነው።

የሒሳብ ውጤት ብቻውንም ቢሆን አይበቃም። በቀደም የክፍል ፈተና ሳርም ሁለት ልጆች እኩል 42 አመጡ። አንዷ ከባዱን የካልኩለስ ስሌት፣ ዲሪቬቲቩን፣ አጥርታ አውጥታ፣ መጨረሻ ላይ 1/3 እና 1/4 ስትደምር 7/12 ማለት ሲገባት 2/7 ጻፈች። ሌላው ክፍልፋዩን በሙሉ አግኝቶ፣ የዲሪቬቲቩን ገጽ ባዶውን መለሰ። ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጬ ምን ላስተምር? ምርጫ ማጥቆር ብቻ በሆነ ፈተና ደግሞ ይህ ልዩነት ከነጭራሹ አይታይም።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት ኮሌጆች) ጥናት፣ በመግቢያ ምደባ ፈተና ወደ ሒሳብ ክፍሎች ከተመደቡት ከአራቱ አንዱ ገደማ ክፉኛ ያለቦታው እንደገባ አሳይቷል። ካሊፎርኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ኮሌጆቿ ተማሪ ሲመድቡ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲያዩ አስገደደች። እኛ ግን ይህን እንዳለ መውሰድ አንችልም። የትምህርት ቤት ማርክ አሰጣጣችን ልቅ እንደሆነ እኔው መምህሯ አውቃለሁ፤ ለልጆች አዝኜ የጨመርኩባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ተማሪው ጊቢ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አሠራሩን የሚያሳይበት አጭር ፈተና ይሰጠው፤ ክፍልፋይ፣ ፈንክሽን፣ ሎጋሪዝም እያለ በየርዕሱ ይታረም፤ የጎደለውን ብቻ ይማር። እርማቱ አድካሚ ነው፣ አውቀዋለሁ። አራት ወር ሙሉ የሚያውቁትን መማርም ያደክማል።

ኃላፊዎችን ጠይቃችኋል፤ ጥሩ። ጠመኔ የያዘ አንድ ሰው ግን በዘገባው ውስጥ የለም፤ ከጎንደር ደግሞ ጭራሽ ማንም የለም። ስንት የሒሳብ መምህር ባለበት ከተማ አንድ ሰው አጥታችሁ ነው?

ያቺን ሐረግ አርሙልኝ። እርማቱም በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ፤ ጎረቤቴ የምታነበው እሱን ነው።

የሒሳብ መምህርት
አዘዞ፣ ጎንደር